እናታችሁ ብትጠይቅ አትፈሩ

ፈተና ያልቃል፤ ሰኔ ይገባደዳል። የወጣቶች አስተባባሪው እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወረቀት ያድላል። ከላይ “የክረምት ካምፕ” ይላል፤ ከታች የወላጅ ፊርማ የሚሰፍርበት መስመር አለ። ወረቀቱን ይዛችሁ ቤት ስትገቡ የእናታችሁ ጥያቄ ይጀምራል። የት ነው የምታድሩት? ማታ አብሯችሁ የሚሆነው ማን ነው? ውሃ ዳር ነው? የመሪው ስልክ ስንት ነው? እናንተም ትሰለቻላችሁ፤ ጓደኞቻችሁ እንዳይሰሙም ታፍራላችሁ። “እማዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ነው እኮ!” ብላችሁ ነገሩን ለመዝጋት ትሞክራላችሁ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መልስ ነው። “የቤተ ክርስቲያን ነው” የሚለው ቃል ደስ የሚል ቃል ነው፤ ነገር ግን ለእናታችሁ ጥያቄ መልስ አይደለም። የካምፕ ታሪክ እንደሚያስተምረን፣ እናታችሁ የጠየቀቻቸው ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው በሌሎች ልጆች ሕይወት የተከፈለባቸው ናቸው። ታሪኩን አብረን እንይ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካምፕ ከየት መጣ?

በ1861 በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት ፍሬድሪክ ጋን የተባለ የትምህርት ቤት ኃላፊ ተማሪዎቹን ይዞ 65 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ተጓዘና በባሕር ዳር ድንኳን ተከለ። ብዙ ጸሐፊዎች የልጆች የበጋ ካምፕን ታሪክ ከዚህ ይጀምራሉ። በ1885 ደግሞ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ውስጥ የሚያገለግል ሰምነር ዳድሊ የተባለ ሰው ሰባት ልጆችን ይዞ በኒው ዮርክ ግዛት ወደሚገኝ አንድ ሐይቅ ዳር ወጣ። በስሙ የተጠራው ካምፕ እስከ ዛሬ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ከተሞች በፋብሪካ ጭስ ተሞልተዋል፣ የትምህርት ቤት እረፍት ረጅም ነው፣ ልጆች የሚውሉበት ቦታ የለም።

በእንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር ተጀመረ። በ1868 ጆሳያ ስፓየርስ በዌልስ ላንዲድኖ ባሕር ዳር ለእረፍት የመጡ ልጆችን ሰበሰበ። ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የሚናገር አጭር ቃል አሸዋው ላይ ጽፎ ፊደሎቹን በጠጠርና በቀንድ አውጣ ቅርፊት እንዲያስጌጡ አደረጋቸው። የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ማኅበር ተብሎ በብዙ አገሮች የታወቀው አገልግሎት ሥሩ በዚያ ዘመን ነው። በ1907 ደግሞ ባደን ፓወል 20 ያህል ልጆችን ወደ ብራውንሲ ደሴት ወሰደ፤ የስካውት እንቅስቃሴ ከዚያ ካምፕ ተወለደ። ከልጆቹ ገሚሶቹ የባለጸጋ፣ ገሚሶቹ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። የሀብታሞቹ ልጆች አንድ ፓውንድ ሲከፍሉ የሌሎቹ ክፍያ ሦስት ሽልንግ ተኩል ነበር። ባደን ፓወል አስቀድሞ ለወላጆች ደብዳቤ ጽፏል፤ ልጆቹ ምን እንደሚማሩ፣ ማን እንደሚያስተምራቸው፣ ምግባቸውና ንጽሕናቸው እንዴት እንደሚጠበቅ በዝርዝር ነገራቸው። እንግዲህ ለወላጅ ጥያቄ መልስ መስጠት ከስካውት ካምፕ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው።

ካምፕ መልካም ነገር ነው። ከእኛ መካከል ጌታን በካምፕ ያወቁ፣ በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው ጥሪያቸውን የሰሙ፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ያገኙ ብዙ ናቸው። ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የት ነው የምትተኙት?

በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በጓዳሉፔ ወንዝ ዳር ካምፕ ሚስቲክ የሚባል የሴት ልጆች ክርስቲያናዊ ካምፕ አለ። የተመሠረተው በ1926 ነው። አያቶች የሄዱበት፣ ከዚያ እናቶች፣ ከዚያ የልጅ ልጆች የሚሄዱበት፣ ስሙ የተከበረ ካምፕ ነበር። በ2025 ጁላይ 4 ከመንጋቱ በፊት በአካባቢው ከባድ ዝናብ ጣለ። የግዛቱ ባለሥልጣናት እንደተናገሩት የወንዙ ውሃ በ45 ደቂቃ ውስጥ 8 ሜትር ያህል ከፍ አለ። ትንንሾቹ ልጆች የሚተኙት ለወንዙ ቅርብ በሆኑት ቤቶች ውስጥ ነበር። 27 ልጆችና ወጣት አስተባባሪዎች ሞቱ። የካምፑ ባለቤትም ልጆቹን ለማውጣት ሲሞክር ሕይወቱ አለፈ።

ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት የግዛቱ ተቆጣጣሪ ካምፑን ጎብኝቶ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንዳለው መዝግቦ ነበር። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ነበር። ሁለተኛ፣ ወንዙ ለአካባቢው ሰው አዲስ አልነበረም። በ1987 በዚያው ወንዝ ዳር ከሚገኝ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ካምፕ ወጣቶችን ከጎርፍ ለማሸሽ የወጣ አውቶቡስ በውሃው ተይዞ 10 ወጣቶች ሞተዋል። ከ2025ቱ አደጋ በኋላ የሟቾቹ ወላጆች ሐዘናቸውን ይዘው ወደ ሕግ አውጪዎች ሄዱ፤ በሁለት ወር ውስጥ ካምፖች ልጆችን ጎርፍ በሚደርስበት ሜዳ እንዳያስተኙ የሚከለክል ሕግ ጸደቀ።

ይህ ነገር ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። እነርሱ ካምፕ የሚወጡት በበጋ ነው፤ እኛ ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ የምንወጣው ዝናብ በሚዘንብበት፣ ጅረቱ በሚሞላበት፣ መንገዱ በሚንሸራተትበት ወር ነው። ስለዚህ እናታችሁ “የት ነው የምታድሩት?” ስትል ስለ አልጋው ምቾት እየጠየቀች አይደለም። ሌሊት ውሃ ቢመጣ በየት በኩል ትወጣላችሁ? ማን ይቀሰቅሳችኋል? መብራት ቢጠፋና ስልክ ባይሠራስ? መሪው ይህን ቢያውቅና እናንተ ባታውቁ ዕቅዱ ገና ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መሪዎቹ ሥራውን ያውቁታል?

በ1993 ማርች 22 በደቡብ እንግሊዝ ላይም በተባለው የባሕር ወሽመጥ ስምንት ተማሪዎች ከአንድ አስተማሪና ከሁለት አሠልጣኞች ጋር በትንንሽ የቀዘፋ ጀልባዎች ወደ ባሕር ወጡ። ጉዞው የሁለት ሰዓት ያህል ነበር። ነፋሱ ወደ ጥልቁ ገፋቸው፤ ጀልባዎቹ ተገለበጡ፤ ከባሕር ዳርቻው ለነፍስ አድን ሠራተኞች የተደወለው ዘግይቶ ነበር። አራት ተማሪዎች በብርዱ ውሃ ውስጥ ሞቱ። አሠልጣኞቹ ለእንዲህ ያለ ባሕር የሚበቃ ሥልጠናና ልምድ አልነበራቸውም።

በምርመራው የተገኘው ነገር ግን ከዚህም በላይ የሚያሳዝን ነው። ከወራት በፊት በዚያው ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ሁለት አሠልጣኞች ሥራቸውን ሲለቁ ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ጥንቃቄው ካልተሻሻለ ሰው ሊሞት እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ደብዳቤው ተነበበ፤ ነገር ግን የሚበቃ ነገር አልተደረገም። በ1994 ኃላፊው በሰው መግደል ወንጀል ተፈርዶበት ታሰረ። ድርጅቱም ጥፋተኛ ተባለ፤ በእንግሊዝ ታሪክ አንድ ኩባንያ በዚህ ወንጀል ሲፈረድበት የመጀመሪያው ነበር። የሟቾቹ ወላጆች ዝም አላሉም፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1995፣ ልጆችን ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚወስዱ ማዕከላት ፈቃድና ቁጥጥር እንዲኖራቸው የሚያዝ ሕግ ወጣ።

“ሳይቃጠል በቅጠል” ይላል የአገራችን ሰው። ደብዳቤው ቅጠሉ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ካምፕም የሚያገለግሉ ወጣቶች ብዙ ጊዜ በፈቃዳቸው የመጡ፣ ቅን ልብ ያላቸው ናቸው። ነገር ግን ቅንነት ዋና አያስተምርም፤ መዘመር የሚችል ሁሉ በውሃ የተዋጠ ልጅ ማውጣት አይችልም። ቢሾፍቱም ላንጋኖም ብትሄዱ ሐይቁ የአገልጋይ ልብ ጥሩ መሆኑን አይጠይቅም። ልምድ ያላቸው ካምፖች ልጆችን ወደ ውሃ ከማስገባታቸው በፊት ማን መዋኘት እንደሚችል ፈትነው ይለያሉ፤ ሁለት ሁለት አድርገው ያጣምራሉ፤ በየጥቂት ደቂቃው ፊሽካ ነፍተው እያንዳንዱ ልጅ የጓደኛውን እጅ ይዞ እንዲያነሣ ያደርጋሉ። ቀላል ነገር ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ከማን ጋር ብቻችሁን ትሆናላችሁ?

ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ከብዶታል። ነገር ግን ልትሰሙት የሚገባችሁ ይህ ነው።

ናሽ የተባለ የእንግሊዝ ቄስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በታላላቅ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ካምፖችን ያካሂድ ነበር። በኋላ ካምፖቹ ዩዌርን በተባለ መንደር ስም ታወቁ። ብዙዎቻችን በስም የምናውቀው ጆን ስቶት በ1938 በትምህርት ቤት ሳለ ወደ ጌታ የመጣው በዚህ ሰው ስብከት ነው፤ በካምፖቹም አገልግሏል። ከዚያ ብዙ ጳጳሳት፣ ሰባኪዎችና አስተማሪዎች ወጥተዋል። እንግዲህ መልካም ፍሬ ያፈራ ዛፍ ነበር።

በ1970ዎቹ ካምፖቹን በገንዘብ የሚደግፈው ማኅበር ሊቀ መንበር ጆን ስማይዝ የተባለ ዝነኛ ጠበቃ ነበር። አንደበተ ርቱዕ፣ ቤቱ ለወጣቶች ክፍት የሆነ፣ ወላጆች “ልጄ እንዲህ ያለ ሰው አገኘ” ብለው የሚደሰቱበት ሰው። ይህ ሰው ከልጆቹ መካከል እየመረጠ ወደ ቤቱ ይወስዳቸውና በጓሮው ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ ደም እስኪፈስ በዱላ ይደበድባቸው ነበር። ይህ የንስሐና የቅድስና መንገድ ነው ይላቸው ነበር። ልጆቹም አመኑት፤ ለማንም አልተናገሩም።

በ1982 ማርክ ረስተን የተባለ ቄስ ተጎጂዎቹን አነጋግሮ ምስጢራዊ ሪፖርት ጻፈ። ድርጊቱ ወንጀል እንደሆነም በሪፖርቱ ተጽፏል። ሪፖርቱ በጥቂት መሪዎች እጅ ቀረ። ፖሊስ አልተነገረውም። ምክንያታቸው የምናውቀው ዓይነት ነው፤ አገልግሎቱ እንዳይጎዳ፣ የጌታ ስም እንዳይሰደብ፣ ገመና እንዳይወጣ። ሰውየው ከአገልግሎቱ ተገለለ፤ በ1984 ወደ ዚምባብዌ ሄደ። እዚያም የራሱን አገልግሎት አቋቁሞ ለልጆች ክርስቲያናዊ ካምፕ ከፈተ።

የዚምባብዌ ወላጆች ልጆቻቸውን የላኩት ጠይቀው የሚያውቁት ነገር ሳይኖር ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች እንግሊዝ አገር ዝም ብለው ነበርና። ድብደባው ቀጠለ። በ1992 አንድ የ16 ዓመት ልጅ ካምፕ በሄደ ማግስት በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በ1993 በቡላዋዮ ከተማ ያሉ የልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች ተሰብስበው ዴቪድ ኮልታርት የተባለ ጠበቃ ጉዳዩን እንዲመረምር አደረጉ፤ እርሱም ያገኘውን ሳይሸሽግ ጻፈ። ክስ ተመሠረተ፤ ግን ሳይፈረድ ተቋረጠ። ሰውየው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። በ2017 አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪኩን ለሕዝብ አወጣው፤ በ2018 ሰውየው ፍርድ ቤት ሳይቆም ሞተ።

በኖቬምበር 2024 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው የኪት ሜኪን ምርመራ ታተመ። የተጎጂዎቹን ቁጥር ከ115 እስከ 130 ገመተ፤ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ልጆች ናቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ፣ በወጣትነቱ በእነዚያ ካምፖች ያገለገለ ሰው፣ ከሥልጣኑ እንደሚለቅ አስታወቀ። ጉዳዩ በ2013 ከተነገረው በኋላ ማድረግ የሚገባው ሁሉ አልተደረገም ነበርና።

የአገልግሎትን ስም ለመጠበቅ በ1982 የተደበቀው ነገር፣ ከ42 ዓመት በኋላ ያንኑ ስም በዓለም ፊት አዋረደው። ከዚያ በላይ ግን፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሌሎች ልጆች ተሰበሩ። አንድ ልጅ ሞተ።

ስለዚህ ይህን ያዙ። ማንም መሪ፣ ምንም ያህል ጸጋ ቢታይበት፣ ከልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ቤት ውስጥ መሆን የለበትም። ለጸሎት ቢሆንም፣ ለምክር ቢሆንም፣ ሰው ሊያያችሁ በሚችልበት ቦታ ይሁን። “ይህን ለእናትህ እንዳትነግር” ያላችሁ ሰው ካለ፣ ቶሎ ልትነግሯት የሚገባው ነገር እርሱ ነው። ደግሞም በእንዲህ ያለ ነገር የወደቀ፣ የተደበደበ ወይም የተነካ ልጅ ቢኖር ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ይህን የምታነቡት አንተ ወይም አንቺ ያ ልጅ ከሆናችሁ፣ የምታምኑትን ትልቅ ሰው ዛሬ ፈልጉ። የመጀመሪያው ሰው ባይሰማችሁ ለሁለተኛው፣ እርሱም ባይሰማ ለሦስተኛው ንገሩ።

ሐና በየዓመቱ

“ታዲያ ወላጅ እምነት የለውም ማለት ነው?” ትሉ ይሆናል። ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንሂድ። ልጅን ለጌታ በመስጠት ከሐና የሚበልጥ ማን አለ? ሳሙኤልን ጡት ካስጣለች በኋላ ወደ ሴሎ ወስዳ ለዔሊ ሰጠችው። ነገር ግን ሰጥታ አልረሳችውም። በየዓመቱ ከባሏ ጋር ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ታመጣለት ነበር። ለሚያድግ ልጅ ልብስ የምትሠራ እናት ቁመቱን ማወቅ አለባት፤ ዓይኗ በልጇ ላይ ነበር ማለት ነው።

ሴሎ ደግሞ የእግዚአብሔር ቤት ነበር፤ በዚያ ቤት ግን የዔሊ ልጆች ሕዝቡን ይበድሉ ነበር። ዔሊ ሰምቷል፤ ገሥጿቸዋልም፤ ከአገልግሎቱ ግን አላነሣቸውም። የተፈረደበትም ስላልሰማ አይደለም፤ ሰምቶ ስላልከለከለ ነው። ከዚያ ቤት በአንድ ወገን ሳሙኤል፣ በሌላ ወገን አፍኒንና ፊንሐስ ወጡ። ቤቱ የጌታ መሆኑ በውስጡ ያለውን ሁሉ ንጹሕ አላደረገውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወረቀቱን ለወላጆቻችሁ ስትሰጡ እነዚህን መልሶች ይዛችሁ ግቡ። የምታድሩበት ቦታ የት ነው፤ ውሃና ገደል ምን ያህል ይርቃል? የወንዶችና የሴቶች ማደሪያ እንዴት ተለይቷል፤ ማታስ የሚጠብቀው ማን ነው? ለስንት ልጅ ስንት ትልቅ ሰው አለ? መሪዎቹን የመረጠው ማን ነው፤ ቀድሞ ባገለገሉበት አጥቢያስ ማንን መጠየቅ ይቻላል? የመጀመሪያ እርዳታ የተማረ ሰው አለ? የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት ነው፤ ሌሊት የሚያደርስ መኪናስ አለ? አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ማን ይይዝለታል? ልጅ ወደ ቤት መደወል ሲፈልግ ይፈቀድለታል? ወላጅስ ሳያስጠነቅቅ ቢመጣ በሩ ይከፈትለታል?

ሁሉም መልስ ፍጹም ላይሆን ይችላል። አብያተ ክርስቲያናታችን ብዙ ገንዘብ የላቸውም። ነገር ግን ጥያቄው ሲቀርብ መሪው የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ብዙ ይናገራል። “እናመሰግናለን፤ ይህን አላሰብንበትም፤ እናስተካክላለን” ካለ ልጅ የሚላክበት ሰው ነው። “እናንተ እምነት የላችሁም” ካለ ግን ፊርማው ይቆይ።

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ወረቀቱን የምታድሉት እናንተ ትሆናላችሁ። ሰንበት ትምህርት ታስተምራላችሁ፤ ካምፕ ትመራላችሁ። ያን ጊዜ አንዲት እናት፣ ምናልባት ማንበብ የማትችል፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ እናንተ ትመጣና ብዙ ትጠይቃለች። ሰዓታችሁ ቢጣበብም ተቀመጡና መልሱላት። “መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ” ይባላል፤ እርሷ ግን ሊቅ ለመሆን አይደለም የጠየቀችው። መደረቢያውን ይዛ ስትመጣ ልጇን በደኅና ማግኘት ስለምትፈልግ ነው።

ዘንድሮም ወረቀቱ ይታደላል። ቤት ስትገቡ እማዬ ትጠይቃለች። አትፈሩ፤ አትቆጡም። አጠገቧ ተቀመጡና አንድ በአንድ መልሱላት፤ የማታውቁትን ጠይቃችሁ ኑ። ከዚያ ትፈርማለች።